«ካልበለጥኩ» ከሚል ሰው ጋር እንዴት እንኑር?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር ለመጽሔት የተዘጋጀ)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አድማጮቻችን! በየቤታችን፣ በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየገበያውና በየመስጂዱ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ዓይነት ሰው አለ። ጓደኛው ሦስት ጁዝእ ሐፈዘ ሲባል እርሱ አምስት እስኪያደርስ እንቅልፍ የለውም። ባልደረባው አንድ ሥራ ሲጨርስ እርሱ ሁለት ካልጨረሰ ቀኑ የባከነ ይመስለዋል። ጎረቤቱ ሱቁን ቀለም ሲያስቀባ እርሱ መደርደሪያውን በሙሉ ይቀይራል። በጨዋታ እንኳ መሸነፍን አይወድም። ባጭሩ «ካልበለጥኩ» ባይ ነው።

ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር የሚኖሩና የሚሠሩ ብዙዎች በሁለት መንገድ ሲሳሳቱ እናያለን። ከፊሎቹ «ሐሰደኛ ነው፣ ዱንያ ወዳድ ነው» ብለው ያገልሉታል። ከፊሎቹ ደግሞ እልህ ይጋቡና አብረውት መሮጥ ይጀምራሉ። በመጀመሪያው መንገድ ጀመዓው ጠንካራ ሠራተኛውን ያጣል። በሁለተኛው መንገድ የንግድ ሽርክና ይፈርሳል፣ ወንድማማቾች ይኳረፋሉ። በአንድ እናት ማዕድ ያደጉ ልጆች በሱቅና በመኪና ተፎካክረው ለኢድ እንኳ የማይጠያየቁበት ቤት ስንት ነው? ስለዚህ ነገሩ የጠባይ ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚታይ አይደለም፤ ሲለቱ ረሒም፣ ማለትም ዝምድናን የመቀጠል ግዴታችን የሚፈተንበት ጉዳይ ነው።

በዛሬው ዝግጅታችን ይህን ሰው ለመረዳት እንሞክራለን። ከርሱ ጋር እንዴት እንደሚሠራም ከታላላቆቻችን ታሪክ እንማራለን ኢንሻአላህ።

ፉክክር ሁሉ ሐሰድ አይደለም

በቅድሚያ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ዑለሞች ሐሰድ የሚሉት በሌላው ሰው ላይ ያለው ጸጋ እንዲወገድ መመኘትን ነው። ይህ ሐራም ነው። ጊብጣ የሚሉት የሌላው ጸጋ ሳይነካ የርሱን ዓይነት ለራስ መመኘትን ነው። ሙናፈሳ ደግሞ ያንን ምኞት ይዞ መሥራትና መሽቀዳደም ነው። ቁርኣን በሱረቱል ሙጠፊፊን የጀነት ሰዎችን ጸጋ ከዘረዘረ በኋላ ተሽቀዳዳሚዎች መሽቀዳደም የሚገባቸው ለዚያ እንደሆነ ይነግረናል። በሱረቱል በቀራም ወደ በጎ ሥራዎች እንድንቀዳደም ታዘናል። እንግዲህ አላህ የመብለጥን ፍላጎት ከሰው ልጅ ልብ ንቀሉ አላለንም፤ የሚሮጥበትን አቅጣጫ አሳየን እንጂ።

አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶደቃ እንዲሰጡ ባዘዙ ጊዜ ዑመር (ረ.ዐ) አቡበክርን የምበልጥ ከሆነ ዛሬ እበልጠዋለሁ ብሎ በልቡ አሰበ። የንብረቱንም ግማሽ ይዞ መጣ። አቡበክር (ረ.ዐ) ግን ያለውን በሙሉ አመጣ። ዑመር ከዚያ በኋላ በምንም ነገር ሊቀድመው እንደማይችል ተናገረ። አስተውሉ! ይህን ሐሳቡን የነገረን ራሱ ዑመር ነው። የመብለጥ ፍላጎቱን አላፈረበትም። በተበለጠ ጊዜም አላኮረፈም። ከዚያ ቀን ፉክክር ድሆች ተጠቀሙ፤ ሁለቱ ወዳጆችም እስከ ዕለተ ሞታቸው ወዳጆች ሆነው ኖሩ።

በዱንያ ጉዳይም ቢሆን ጥሩ ተፎካካሪ ሞረድ ነው። በሲድኒ ኦሎምፒክ እ.ኤ.አ. በ2000 በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በሰከንድ ዘጠኝ መቶኛ ብቻ ነበር። ቴርጋት በ2003 በበርሊን የማራቶንን ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ አደረሰው። ኃይሌ በ2007 እዚያው በርሊን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በመግባት አሻሻለው። ወዳጅነታቸው ግን አልተቋረጠም። አንዱ ባይኖር ሌላው ያን ያህል ይሮጥ ነበር ማለት ያስቸግራል።

ጠቡ የሚመጣው ሜዳው ሲጠብ ነው

ታዲያ አንዱ ፉክክር ፍቅርን፣ ሌላው ጠብን የሚወልደው ለምንድን ነው?

በ505 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1111) ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሙዲን» በተሰኘው ኪታባቸው ይህን በሚገባ አብራርተዋል። እርሳቸው እንደሚያስረዱት ጫማ ሰፊ የሚመቀኘው ጫማ ሰፊን እንጂ ጨርቅ ነጋዴን አይደለም። ነጋዴ በነጋዴ፣ ዓሊም በዓሊም ይመቀኛል። ሩቅ ለሩቅ ያሉ ሰዎች ብዙም አይመቀኛኙም። ምክንያቱም ሁለት ሰዎች በአንድ ጠባብ ነገር ላይ ሲጋፉ የአንዱ ማግኘት የሌላው ማጣት ይሆናል። የሚፈለገው ነገር ሰፊ ከሆነ ግን መገፋፋት የለም። አላህን የማወቅ ዕውቀት የፈለጉ ሁሉ ቢገቡበት የማይጠብ ባሕር ነውና ለርሱ ብለው የሚፈልጉት ሰዎች አይመቀኛኙም።

ከስምንት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ ሊዮን ፌስቲንገር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ሰው ራሱን የሚለካው በችሎታ ከሚቀርበው ሰው ጋር እንደሆነ ጽፏል። የሁለቱ ምሁራን መነሻ ቢለያይም በዚህ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ጎረቤትን ከጎረቤት፣ ወንድምን ከወንድም፣ የአንድ ክፍል ሠራተኛን ከባልደረባው የሚያፎካክረው ቅርበቱ ነው። ስለዚህ ያ «ካልበለጥኩ» የሚል ሰው ለይቶ እናንተን ቢፎካከር የግድ ጠልቷችሁ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ እኩያዬ ናቸው ብሎ ስለገመታችሁ ነው።

ሰፊ ሜዳ ምን እንደሚመስል ደግሞ የድሃ ሰሐቦች ታሪክ ያሳየናል። ባለሀብቶቹ እንደኛው ይሰግዳሉ፣ እንደኛው ይጾማሉ፤ በሶደቃ ግን በለጡን ብለው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። ነቢዩም ከየሰላቱ በኋላ የሚባል ተስቢሕ፣ ተሕሚድና ተክቢር አስተማሯቸው። ባለሀብቶቹም ሰሙና እነርሱም ማለት ጀመሩ። ድሆቹ ተመልሰው ሲነግሯቸው ይህ አላህ ለሚሻው የሚሰጠው ችሮታ እንደሆነ ነገሯቸው። ልብ እንበል! ነቢዩ ድሆቹን አትፎካከሩ አላሏቸውም። የባለሀብቶቹን ሶደቃም አላቃለሉም። ድሃው ሊሮጥበት የሚችል ሌላ ሜዳ ከፈቱ። የዛሬው ንግግራችን ጭብጥ ይኸው ነው፦ ተፎካካሪውን ሰው ለመስበር ከመታገል የሚሮጥበትን ሜዳ ማስፋት።

የዐምር ኢብኑል ዓስ ታሪክ

ይህን በተግባር ለማየት ከሰሐቦች መካከል አንዱን እንውሰድ። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በብልሃታቸው ከታወቁት ዐረቦች አንዱ ነበር። ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ ቁረይሾች ስደተኞቹን እንዲያስመልስ ከዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓ ጋር ወደ ነጃሺ የላኩት እርሱን ነው። በመጀመሪያው ቀን የጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ ንግግር ነጃሺን አሳመነው፤ መልእክተኞቹም ተረቱ። ዐብደላህ የዝምድና ነገር አሳዝኖት ነገሩ እዚያ ላይ እንዲበቃ ፈለገ። ዐምር ግን መሸነፍን አልተቀበለም። በማግሥቱ በነቢዩ ዒሳ ጉዳይ ሌላ ክስ ይዞ ተመለሰ። ያም አልሆነለትም። እንግዲህ ሰውየው ምን ዓይነት እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከኸንደቅ ዘመቻ በኋላ ዐምር እንደገና ወደ ሐበሻ መጣ። ኢብኑ ኢስሐቅ እንደዘገበው ልቡን ወደ ኢስላም ያዞረው የነጃሺ ምክር ነበር። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና ገብቶ ሰለመ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ 300 ሰዎችን አስይዘው አሚር አድርገው ላኩት። የአባቱ እናት ከዚያ አካባቢ ከሆነው የበሊይ ጎሣ ስለነበረች ሰዎቹን ለማግባባት ይመቻል ተብሎ ነበር።

ዐምር የጠላት ብዛት ሲያሰጋው ረዳት ጦር ጠየቀ። ነቢዩም አቡበክርና ዑመር የሚገኙበትን 200 ሰው በአቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀራሕ (ረ.ዐ) መሪነት ላኩ። እነርሱ ሲደርሱ ጥያቄ ተነሣ፦ አሚሩ ማነው? ዐምር እናንተ የመጣችሁት ለኔ ረዳት ሆናችሁ ነው፣ አሚሩ እኔ ነኝ አለ። አቡ ዑበይዳ በኢስላም የቀደመ፣ ጀነት ከተበሰሩት አሥሩ አንዱ፣ የዚህ ኡመት ታማኝ የተባለ ሰው ነው። ዐምር ደግሞ የትናንት ሰላሚ ነው። አቡ ዑበይዳ ግን ነቢዩ ሲሸኙት እንዳትለያዩ ብለው እንዳዘዙት አስታወሰ። ዐምር ባይታዘዘው እርሱ ዐምርን እንደሚታዘዝ ነግሮት ቦታውን ለቀቀለት። ዐምርም ኢማም ሆኖ አሰገዳቸው።

በዘመቻው ላይ ብርዱ ሲጠና ዐምር እሳት እንዳይነድ ከለከለ። ዑመር ተቆጣ። አቡበክር ግን ነቢዩ የሾሙት በጦርነት ዕውቀቱ መሆኑን ነግሮ አረጋጋው። ሲመለሱ ነገሩ ለነቢዩ ተነገረ። እርሳቸውም ምክንያቱን ጠየቁት። የሠራዊቱን ማነስ ጠላት በእሳቱ ብርሃን እንዳያይ መስጋቱን አስረዳ። እርሳቸውም ወደዱለት።

ከዚህ በኋላ ያለው ለርእሳችን ትልቁ ትምህርት ነው። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ዐምር ነቢዩን ከሰው ሁሉ ማንን ይበልጥ እንደሚወዱ ጠየቃቸው። ዓኢሻን አሉ። ከወንዶችስ ሲል አባቷን አሉ። ከዚያስ ሲል ዑመርን አሉ። ሌሎች ሰዎችንም ቆጠሩ። ዐምርም መጨረሻ እንዳያደርጉኝ ብሎ ሰግቶ ዝም አለ። በሌላ ዘገባ ራሱ እንደሚናገረው ነቢዩ ፊታቸውንና ንግግራቸውን እያዞሩለት ሲያቀርቡት ከሰው ሁሉ በላጭ የሆነ መስሎት ነበር።

ከታሪኩ የምንወስዳቸው ትምህርቶች

አንደኛ፦ ፊት አትንፈጉት። የ«ካልበለጥኩ» ባይ እሽቅድምድም ብዙ ጊዜ ከውስጥ «ዋጋ አለኝን?» የሚል ጥያቄ ነው። ዋጋ እንዳለው በፈገግታ፣ በምስጋና፣ ስሙን ጠርቶ በማማከር ካወቀ ለማሳየት የሚያደርገው ትግል ይቀንሳል። ያገለሉት እንደሆነ ግን ይብስበታል።

ሁለተኛ፦ እውነቱን አትደብቁት። ነቢዩ ዐምርን አቀረቡት፤ ነገር ግን ለማስደሰት ብለው አንተ ትበልጣለህ አላሉትም። አለቃ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች ይህን ያዙ። ለአንዱ በጓዳ «ያለ አንተ ሥራው አይሆንም» እያሉ ለሌላውም ያንኑ ማለት ሁለቱን ማባላት ነው።

ሦስተኛ፦ ለሚችለው ሥራ ለይታችሁ ስጡት። ድንበሩ የታወቀ ኃላፊነት የያዘ ሰው ጉልበቱን በሥራው ላይ ያወጣዋል። ሁለት እልኸኞችን በአንድ ድንበሩ ባልተለየ ሥራ ላይ ማስቀመጥ ግን የገዛሊን ሁለት ጫማ ሰፊዎች በአንድ በር ላይ እንደማስቀመጥ ነው። ውሳኔው ግራ ካጋባችሁም ከመኮነናችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁት።

አራተኛ፦ ለወንበር አትጣሉ፤ ለሐቅ ግን ቁሙ። አቡ ዑበይዳ የተወው ወንበሩን ነው፤ አማናውን አልተወም። ወንበሩን በመልቀቁም ክብሩ አልቀነሰም። ዑመር (ረ.ዐ) ኸሊፋ ሲሆን ሻም ላይ በኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ቦታ የሾመው እርሱን ነው። ይሁን እንጂ ተፎካካሪው የሌላውን ልፋት በራሱ ስም ሪፖርት የሚያደርግ፣ ስም የሚያጠፋ፣ የሰው ሐቅ የሚነካ ከሆነ ዝምታ ትዕግሥት አይባልም። በመጀመሪያ ለብቻው ጠርቶ በግልጽ መንገር፣ ካልተመለሰም ለሚመለከተው አካል ማቅረብ ይገባል። በደለኛን ከበደሉ መከልከል እርሱን መርዳት መሆኑን ነቢያችን አስተምረውናል።

አምስተኛ፦ ጸጋችሁን በፊቱ አትዘርዝሩ። ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ልጃቸው ዩሱፍ ሕልሙን ለወንድሞቹ እንዳይነግር መክረውታል። የወንድሞቹን የቅናት መነሻ ያውቁ ነበርና። የፉክክር ስሜቱ የጋለ ሰው ባለበት ስለ ትርፋችን፣ ስለ ዕድገታችን፣ ስለ ልጆቻችን ውጤት ማብዛት በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ውድ ወላጆች! «ካልበለጥኩ» ባዩ ሰው ከሰማይ አይወርድም፤ ብዙ ጊዜ በቤታችን ይቀረጻል። ልጁ የትምህርት ቤት ካርዱን ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄያችን ምንድን ነው? «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። «የጎረቤት ልጅስ?» እንላለን። 1ኛ ደረጃ በክፍሉ ውስጥ አንድ ብቻ ናት። ጠባብ ሜዳ ማለት ይህ ነው። «ባለፈው መንፈቅ ያልገባህ የትኛው ነበር? አሁን ገባህ?» ብንለው ግን ሜዳው ሰፊ ነው። ሃምሳም ልጅ በአንድ ላይ ሊያውቀው ይችላልና። እህትና ወንድምን እያወዳደሩ ማሳደግማ የዩሱፍን ወንድሞች ታሪክ በቤት ውስጥ እንደመድገም ነው።

በድግስም በኩል ያለውን እናውቃለን። የእከሌ ሰርግ ይህን ያህል መኪና ነበረው፣ የእከሊት ሶፋ እንዲህ ያለ ነው እየተባለ ስንት ቤተሰብ ብድር ውስጥ ይገባል! ሱረቱ ተካሡር በብዛት መፎካከር መቃብር እስኪደርሱ ድረስ ሰውን እንደሚያዘናጋ ያስጠነቅቀናል። ባልና ሚስት «ይህን የምናደርገው አስፈልጎን ነው ወይስ እነ እከሌ ስላደረጉ?» ብለው መጠያየቅን ልማድ ቢያደርጉ ብዙ ችግር ይቃለላል።

ጎን ለጎን ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎችም እንደዚሁ ናቸው። በጥራትና በመልካም መስተንግዶ መሽቀዳደም የተፈቀደ ነው። ጎረቤትን ከገበያ ለማስወጣት ሆን ብሎ ከስሮ ዋጋ መስበር ግን በወንድም ላይ ጉዳት ማድረስ ነው። ሰዎች ተስማምተው የጨረሱትን ሽያጭ ገብቶ ማፍረስም በግልጽ ተከልክሏል። ሪዝቅን የሚያካፍለው አላህ መሆኑን የሚያምን ሰው የጎረቤቱ ደንበኛ የርሱን እንጀራ እንደማይወስድበት ያውቃል።

ሰውየው እኛው ከሆንንስ?

ይህን ንግግር ስንሰማ የሌላ ሰው ፊት በዓይናችን ላይ መጥቶ ይሆናል። ግን በየግላችን ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቅ። የምፎካከረው ሰው ታመመ ወይም ከሰረ ሲባል በልቤ ውስጥ እፎይታ ይሰማኛል? ማንም የማያየኝና የማያመሰግነኝ ቢሆን ይህን ሥራ እቀጥለዋለሁ? ስሙን ጠርቼ አላህ እንዲጨምርለት ዱዓ ማድረግ እችላለሁ? የመጀመሪያው ጥያቄ ሐሰድን፣ ሁለተኛው ሪያእን ይገልጣል። ሦስተኛው ደግሞ መድኃኒቱ ነው። ለሚፎካከሩት ሰው በስውር ዱዓ ማድረግ በመጀመሪያ ይመራል፤ ከተደጋገመ ግን ልብን ያሰፋል።

በመጨረሻም ወደ ዐምር ኢብኑል ዓስ እንመለስ። ግብፅን ለኢስላም የከፈተ፣ ፉስጣጥን የመሠረተ፣ ዛሬም በካይሮ በስሙ የሚጠራ መስጂድ ያለው ይህ ሰው ሞት በቀረበው ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ረጅም ጊዜ አለቀሰ። ሙስሊም በሶሒሓቸው እንደዘገቡት ልጁ ሲያጽናናው ሕይወቱን በሦስት ከፍሎ አወሳ። ነቢዩን ይጠላ የነበረበትን ዘመን አወሳ። እጁን ዘርግቶ ለርሳቸው ቃል የገባበትንና ከርሳቸው የበለጠ የሚወደው ያልነበረበትን ዘመን አወሳ። በዚያ ሁኔታ ላይ ቢሞት ኖሮ የጀነት ሰው ለመሆን ተስፋ ያደርግ እንደነበር ተናገረ። ከዚያ በኋላ ስለ መጣው የሹመት ዘመን ግን በርሱ ውስጥ ሁኔታው ምን እንደሆነ እንደማያውቅ ገለጸ። በዚያች ሰዓት ያሸነፋቸውን ከተሞች አልቆጠረም። ማንን እንደበለጠም አላነሣም።

ውድ አድማጮቻችን! እኛም ያችን ሰዓት እናገኛታለን። ዛሬ የምንፎካከራቸው ወንድሞቻችን ያን ቀን ጀናዛችንን የሚሸከሙት ናቸው። የተኳረፍን ካለን ከመጪው ጁሙዓ በፊት ደጃቸውን እናንኳኳ።

አላህ ልባችንን ከሐሰድ ያጽዳልን። በኸይር ሥራ ከሚሽቀዳደሙት ያድርገን። በወንድማማቾች መካከል ያለውን ያስተካክልልን። አሚን።